ኤርፍሎው ላይ አንዴ ሰርተን ሁሉም ጆብ የሚጠቀምባቸውን ነገሮች ማዘጋጀት፦ ኮኔክሽን፣ ቫሪየብል፣ ፑል፣ ካላንደር፣ ታስክ ግሩፕ

ከዚህ በፊት እሰራበት በነበረ ድርጅት የዳታቤዝ ፓስዋርድ በየ90 ቀኑ ይቀየር የሚል መመሪያ ወጣ። መመሪያው ምንም አይወጣለትም፣ ግን የመጀመሪያው ቅያሪ በተደረገ ማግስት ጠዋት ቢሮ ስንገባ የሌሊቱ ጆብ፣ ማለትም በሰዓቱ በራሱ የሚነሳው ስራ፣ በሙሉ ቀይ ሆኖ ጠበቀን። ምክንያቱን ለማወቅ አምስት ደቂቃ አልፈጀም፣ ማስተካከሉ ግን ሶስት ቀን በላን፣ ለምን ቢባል ፓስዋርዱ 37 ፋይል ውስጥ ተበታትኖ ነበር። ፈልገን እንለውጠው ስንል ደሞ ሁሉንም አላገኘንም፣ ምክንያቱም ፓስዋርዱ ውስጥ @ ስለነበረች ዩአርኤል ውስጥ የተጻፈበት ቦታ ሁሉ %40 ሆና ነው የምትቀመጠው፣ ስለዚህ ፓስዋርዱን እንዳለ ሰርች ያደረገ ሰው ግማሹን አያየውም። ሁለተኛው ሌሊት እንደገና 11 ጆብ ወደቀ።

ከዛ ወዲህ ማንኛውም አዲስ ሲስተም ላይ ስገባ መጀመሪያ የማየው ይሄንን ነው፣ ብዙ ጆብ የሚጋራው ነገር አንድ ቦታ ተቀምጦ በስሙ ነው ወይ የሚጠራው ወይስ በየጆቡ ተገልብጧል? የጆብ ማስኬጃ ሶፍትዌር ሁሉ ለዚህ የሚሆን እቃ አለው፣ ኮንትሮል-ኤም ላይ የሰራ ሰው ኮኔክሽን ፕሮፋይልና ካላንደር ይላቸዋል፣ ኦቶሚክ ላይ ሎግኢን ኦብጀክት አለ፣ ኦቶሲስ ላይ ግሎባል ቫሪየብል አለ፣ ስሙ ይለያይ እንጂ ሀሳቡ አንድ ነው። እኔ እዚህ የማሳያችሁ ከእነዚህ የጆብ ማስኬጃዎች አንዱ በሆነው በአፓቼ ኤርፍሎው ነው፣ ምክንያቱም ነጻ ነው፣ ላፕቶፓችሁ ላይ ጭናችሁ ዛሬውኑ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፣ ላይሰንስ የሚገዛ ድርጅት መጠበቅ የለባችሁም። ኤርቢኤንቢ የሚባለው ድርጅት ውስጥ በፈረንጅ 2014 የተጀመረ ፕሮጀክት ነው፣ በ2016 ወደ አፓቼ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ገባ፣ አሁን ቨርዥን 3 ላይ ደርሷል። ከዚህ በታች ያለው ቨርዥን 2ም 3ም ላይ ይሰራል፣ ልዩነት ያለበት ቦታ ላይ እናገራለሁ።

ስክሪኑ ላይ ያሉትን ስሞች አፋችን ላይ እንደምንጠራቸው ነው የምጽፈው፣ እናንተ ኪቦርድ ላይ በእንግሊዝኛ ትመቱታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ምንም ከመክፈታችሁ በፊት ስም አውጡ

ይሄን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ በኋላ ግን የሚያስለቅሰው እሱ ነው። ለጋራ እቃ የምትሰጡት ስም የሚሰራውን ስራ እንጂ ያለበትን ቦታ መናገር የለበትም። «ሰርቨር 12» ብላችሁ የሰየማችሁት ኮኔክሽን (የዳታቤዙ አድራሻና ፓስዋርድ በአንድ ስም የሚቀመጥበት) ዳታቤዙ ወደ ሰርቨር 15 የሄደ ቀን ውሸት ይሆናል፣ እና ስሙን እንዳትቀይሩ 40 ጆብ ይጠራዋል። «ኮር አንደርስኮር ሪድ» ብትሉት ግን፣ ማለትም ከኮር ሲስተሙ (ከድርጅቱ ዋና ሲስተም) ለማንበብ ብቻ፣ ሰርቨሩ አስር ጊዜ ቢቀየር ስሙ እውነት ሆኖ ይቀጥላል።

ሌላው፣ ስሙ ውስጥ ቴስት (መሞከሪያው) ወይም ፕሮድ (እውነተኛው ስራ የሚሄድበት) የሚል ቃል አታስገቡ። የቴስቱ ኤርፍሎው ላይም የፕሮዱ ላይም «ኮር አንደርስኮር ሪድ» ይባል፣ ውስጡ ያለው አድራሻ ብቻ ይለያይ። እንዲህ ከሆነ ቴስት ላይ የሰራው ኮድ አንድ ፊደል ሳይነካ ፕሮድ ላይ ይሄዳል። ስሙ ውስጥ ቴስት የሚል ካለ ግን ኮዱን ስታሳልፉ የሆነ ሰው በእጁ ይለውጠዋል፣ አንድ ቀን ደሞ አንዱን ይረሳዋል፣ እና የፕሮድ ሪፖርት ከቴስት ዳታ ተሰርቶ ለማኔጅመንት ይላካል። ይሄ ሲሆን አይቻለሁ።

ለማንበብና ለመጻፍ ሁለት የተለያየ ኮኔክሽን ይኑራችሁ፣ ዳታቤዙም ላይ ሁለት የተለያየ ዩዘር። ሪፖርት የሚያወጣ ጆብ የመጻፍ መብት ምን ያደርግለታል?

ደረጃ 2፦ ኮኔክሽን

አድሚን የሚለውን ሜኑ ክፈቱና ኮኔክሽንስ ውስጥ ግቡ፣ አዲስ ለመጨመር የመደመር ምልክቷን ወይም አድ ኮኔክሽን የሚለውን ንኩ። ኮኔክሽን አይዲ ላይ ያወጣችሁትን ስም ጻፉ። ኮኔክሽን ታይፕ ላይ ፖስትግሬስ፣ ኦራክል፣ ኤስኤስኤች፣ ምንም ይሁን ምረጡ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው «ኦራክል የሚል የለም እኮ» ይላል፣ የሌለው ፕሮቫይደር የሚባለው ፓኬጅ ስላልተጫነ ነው፣ ኤርፍሎው ዋናው ሲጫን ሁሉንም ይዞ አይመጣም፣ የኦራክሉን ፕሮቫይደር በፒፕ (በፓይተን ፓኬጅ መጫኛው) ጭናችሁ ሰርቪሶቹን ሪስታርት አድርጉ፣ ከዛ ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል። ፓኬጁ ዌብ ሰርቨሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ጆቡን በትክክል የሚያስኬዱት ወርከሮች ላይም መጫን አለበት።

ከዛ ሆስት፣ ሎግኢን፣ ፓስዋርድ፣ ፖርት ሙሉ። ስኪማ የሚለው ሳጥን (አዳዲስ ፕሮቫይደር ላይ ዳታቤዝ ሊል ይችላል) ለፖስትግሬስ የዳታቤዙ ስም የሚገባበት ነው፣ ስሙ ሰው ያሳስታል፣ ፖስትግሬስ ውስጥ ስኪማ የምንለውን ነገር እዛ የሚያስገባ ሰው ብዙ ነው። ኤክስትራ የሚለው ሳጥን ጄሰን (በቅንፍ ውስጥ ስምና ዋጋ የሚጻፍበት ፎርማት) ይቀበላል፣ ታይምአውት ወይም ኤስኤስኤል የመሳሰለ ነገር እዛ ይገባል። ዲስክሪፕሽን የሚለውን ባዶ አትተዉት፣ ኮኔክሽኑ የየትኛው ቡድን እንደሆነና ፓስዋርዱ ሲቀየር ማን እንደሚጠየቅ በአንድ መስመር ጻፉበት።

ቴስት የሚል ቁልፍ ደብዝዞ አልነካ ካላችሁ አልተበላሸም፣ ከ2.7 ጀምሮ ሆን ተብሎ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ኮንፊግ ፋይሉ ላይ ኮር በሚለው ክፍል ስር ቴስት ኮኔክሽን የሚለውን ኢኔብልድ ማድረግ ይቻላል፣ ግን ለላፕቶፕ ወይም ለቴስት ሰርቨር ነው እንጂ ፕሮድ ላይ ባታደርጉት እመክራለሁ። ደሞ ቴስቱ አረንጓዴ ስላለ ብቻ አትመኑት፣ ሙከራው የሚደረገው ዌብ ገጹን ከሚያቀርበው ማሽን ላይ ነው፣ ጆቡ የሚሄደው ግን ወርከር ላይ ነው፣ በመሀል ፋየርዎል ካለ ቴስቱ ይሳካና ጆቡ ይወድቃል። የእኔ ልማድ አንድ ትንሽ ዳግ (ኤርፍሎው ላይ አንድ ጆብ የሚገለጽበት የፓይተን ፋይል) አዘጋጅቼ «ሰሌክት 1» ብቻ የምትል ታስክ (የጆቡ አንድ እርምጃ) በአዲሱ ኮኔክሽን ማስኬድ ነው፣ ወርከሩ ላይ ስለምትሄድ እውነቱን ትነግረኛለች።

ኮዱ ውስጥ ከአሁን በኋላ የሚገባው የኮኔክሽኑ አይዲ ብቻ ነው። ሁክ ወይም ኦፐሬተር (ስራውን የሚሰሩ የኤርፍሎው ዝግጁ ክፍሎች) ስትጠሩ ፖስትግሬስ ኮን አይዲ በሚለው ቦታ ስሙን ትሰጡታላችሁ፣ ሌላውን ራሱ ያወጣዋል። 37 ፋይል የነበረው ጣጣ አንድ ሳጥን ሆነ ማለት ነው።

አንድ የሚያደናግር ነገር ልጨምር። ኤርፍሎው ኮኔክሽን ሲፈልግ መጀመሪያ ውጪ ያለ የሚስጥር ማስቀመጫ ካለ እዛ ያያል፣ ለምሳሌ ቮልት፣ ቀጥሎ የሰርቨሩን ኢንቫይሮመንት ቫሪየብል (ሰርቨሩ ላይ በቀጥታ የተቀመጠ ዋጋ) ያያል፣ በመጨረሻ ነው እናንተ በስክሪኑ የሞላችሁት ያለበትን የራሱን ዳታቤዝ የሚያየው። ስለዚህ በስክሪን ፓስዋርዱን ቀይራችሁ ጆቡ አሁንም በድሮው ፓስዋርድ ልግባ እያለ የሚወድቅ ከሆነ፣ ሌላ ሰው ያንኑ ኮኔክሽን በቮልት ወይም በኢንቫይሮመንት ቫሪየብል አስቀምጦታል ማለት ነው። በዛ መንገድ የተቀመጠ ደሞ ስክሪኑ ላይ አይታይም። አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ በዚህ ምክንያት ጠፍቶብኛል፣ ስለዚህ አንዱን መንገድ ምረጡና ቡድኑ በሙሉ በሱ ይሂድ።

ደረጃ 3፦ ፈርኔት ኪውን እዩት፣ አሁኑኑ

በስክሪን የሞላችሁት ፓስዋርድ ኤርፍሎው ዳታቤዝ ውስጥ የሚመሰጠረው ፈርኔት ኪ በሚባል ቁልፍ ነው። ቁልፉ ባዶ ከሆነ ኤርፍሎው እምቢ አይልም፣ ሎግ ላይ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ፓስዋርዱን እንደወረደ ያስቀምጠዋል። ዶከር ኮምፖዝ ፋይል አውርዳችሁ የጫናችሁ ሰዎች ፈርኔት ኪ የሚለውን መስመር ፈልጉና እዩ፣ ሁለት ጥቅስ ብቻ ሆኖ በመሀል ምንም ከሌለ ባዶ ነው፣ የዳታቤዙን ባክአፕ ያገኘ ሰው ሁሉ ፓስዋርዶቻችሁን አገኘ ማለት ነው።

ቁልፉን ለመፍጠር የፓይተን ክሪፕቶግራፊ ላይብረሪ ውስጥ ፈርኔት የሚለው ክላስ ላይ ጄኔሬት ኪ የሚለውን መጥራት በቂ ነው፣ የሚሰጣችሁን ረጅም ጽሁፍ ኮንፊጉ ላይ አስገቡ፣ ኮፒውን ደሞ ከዳታቤዙ ባክአፕ የተለየ ቦታ አስቀምጡ። ቁልፉ ከጠፋ በሱ የተመሰጠረው ሁሉ አይፈታም፣ እያንዳንዱን ኮኔክሽን በእጅ እንደገና መሙላት ነው። ለመቀየር ሲፈለግ አዲሱን ቁልፍ አስቀድማችሁ በኮማ ለይታችሁ አሮጌውን ታስከትላላችሁ፣ ከዛ ሮቴት ፈርኔት ኪ የሚለውን ኮማንድ ታስኬዳላችሁ፣ ሁሉም በአዲሱ ከተመሰጠረ በኋላ አሮጌውን ታወጣላችሁ።

ደረጃ 4፦ ቫሪየብል

አድሚን ስር ቫሪየብልስ አለ፣ ስምና ዋጋ ብቻ ነው፣ ለመስራት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የፋይል ማስቀመጫ መንገድ፣ የሪፖርት ተቀባዮች ኢሜይል ዝርዝር፣ የምንዛሪ ሪፖርት ውስጥ የሚካተቱ ገንዘቦች፣ እንዲህ አይነት ኮድ ሳይነካ መለወጥ ያለበት ነገር እዚህ ይገባል። ፓስዋርድ ግን እዚህ አይገባም፣ ቦታው ኮኔክሽን ነው። ስሙ ውስጥ ፓስዋርድ፣ ሲክሬት፣ ቶክን የመሳሰለ ቃል ካለ ኤርፍሎው ስክሪን ላይና ሎግ ላይ ዋጋውን በኮከብ ይሸፍነዋል፣ ጥሩ ነው፣ ግን የሚያየው ስሙን ነው፣ «ቁልፍ 1» ብላችሁ ከሰየማችሁት አይሸፍንላችሁም።

ትልቁ ስህተት የሚሰራው ኮዱ ላይ ነው። ሰው ዳግ ፋይሉ አናት ላይ፣ ከኢምፖርቶቹ ቀጥሎ፣ ቫሪየብል ዶት ጌት ብሎ ይጽፋል። ጆቡ በቀን አንዴ ስለሚሄድ በቀን አንዴ የሚነበብ ይመስላል፣ ግን እንደዛ አይደለም፣ ኤርፍሎው አዲስ ለውጥ እንዳለ ለማየት እያንዳንዱን ዳግ ፋይል ከአናቱ ጀምሮ ደጋግሞ ያነበዋል፣ በዲፎልት በየ30 ሰከንዱ። አስሉት እስቲ፣ 60 ፋይል እያንዳንዱ 4 ቫሪየብል አናት ላይ ቢጠራ በየግማሽ ደቂቃው 240 ጊዜ ዳታቤዝ ይንኳኳል፣ ጆብ ቢኖርም ባይኖርም። «ኤርፍሎው ዘገየ ራም እንጨምር» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። መፍትሄው ቫሪየብሉን ታስኩ ውስጥ፣ ማለትም ፈንክሽኑ ውስጥ ማንበብ ነው፣ ወይም ኦፐሬተሩ ቴምፕሌት የሚቀበል ከሆነ በሁለት ጥምዝ ቅንፍ መሀል ቫር ዶት ቫልዩ ዶት ብላችሁ ስሙን መጻፍ፣ ያኔ የሚነበበው ታስኩ ሲሄድ ብቻ ነው።

ተያያዥ የሆኑ አምስት ስድስት ቫሪየብሎች ካሏችሁ አንድ ጄሰን አድርጓቸው፣ ኤርፍሎው ዲሲሪያላይዝ ጄሰን የሚለው ትሩ ከሆነ ራሱ ይፈታዋል። ምሳሌው ካላንደሩ ላይ ይመጣል።

ደረጃ 5፦ ፑል

ፑል ማለት «ይሄን ነገር በአንድ ጊዜ ከዚህ በላይ ሰው አይንካው» የሚል የጋራ በር ነው። ሳትፈጥሩት የሚመጣ ዲፎልት ፑል አለ፣ 128 ስሎት (ቦታ) አለው፣ ፑል ያልሰጣችሁት ታስክ ሁሉ እዛ ውስጥ ነው የሚሄደው። ፖስትግሬስ ደሞ በዲፎልት የሚቀበለው 100 ኮኔክሽን ነው፣ ያውም ከሱ ላይ ጥቂቱ ለአድሚን የተያዘ። ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ ስታስቀምጧቸው ችግሩ ይታያችኋል፣ ሌሊት ሁሉም ጆብ አንዴ ከተነሳ ዳታቤዙ «ቱ ሜኒ ክላየንትስ» ብሎ ሊዘጋ ይችላል፣ ያኔ ጆቡ ብቻ ሳይሆን አፕሊኬሽኑም መግባት ያቅተዋል።

አድሚን፣ ፑልስ፣ አዲስ፣ ስሙን «ኮር አንደርስኮር ዲቢ»፣ ስሎቱን ለምሳሌ 8 አድርጉ። ቁጥሩን ከዳታቤዝ አስተዳዳሪው ጋር ተቀምጣችሁ ወስኑ፣ ለብቻችሁ አትገምቱ። ከዛ ኮሩን የሚነካ ታስክ ሁሉ ላይ ፑል የሚለውን ስሙን ስጡ። ከባድ የሆነ ታስክ ካለ ፑል ስሎትስ 3 ብትሉት የሶስት ሰው ቦታ ይይዛል።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። የፑሉን ስም ኮዱ ላይ ተሳስታችሁ ከጻፋችሁ ታስኩ ኤረር አያወጣም፣ ዝም ብሎ ስኬጁልድ እንዳለ ይቀመጣል፣ ጠዋት ስትመጡ እዛው ነው፣ ምክንያቱን የስኬጁለሩ (ጆብ በሰዓቱ የሚያስነሳው ክፍል) ሎግ ላይ ፈልጉት። ከፑሉ ጠቅላላ በላይ ስሎት የጠየቀ ታስክም ልክ እንደዛው ነው። ሁለተኛ፣ ፑል የሚቆጥረው ታስክ ነው እንጂ የዳታቤዝ ኮኔክሽን አይደለም፣ አንዱ ታስክ ውስጡ አምስት ትሬድ ከከፈተ ፑሉ አንድ ብሎ ነው የሚቆጥረው።

ደረጃ 6፦ ሰዓትና ካላንደር

እዚህ ላይ ረጋ እላለሁ፣ ምክንያቱም የውጪ መመሪያዎች ይሄን አይነግሯችሁም፣ ችግሩ የእኛ ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱ። ኤርፍሎው በዲፎልት የሚያስበው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው፣ አዲስ አበባ ከዛ በ3 ሰዓት ትቀድማለች፣ በበጋና በክረምት የሚቀያየር ሰዓትም የለንም። በላዩ ላይ እኛ ሰዓት የምንቆጥረው በ6 ልዩነት ነው። ስለዚህ አለቃ «ሌሊት 8 ሰዓት ይሂድ» ካለ ክሮኑ (ጆቡ የሚነሳበት ሰዓት የሚጻፍበት መስመር) ላይ የሚጻፈው 8 አይደለም 2 ነው፣ እሱም የዳጉ ታይምዞን አዲስ አበባ ከተባለ ነው፣ ዩቲሲ ላይ ከተተወ ጆቡ የሚነሳው ንጋት 11 ሰዓት ላይ ነው። ስታርት ዴቱን (ዳጉ ስራ የሚጀምርበትን ቀን) በፔንዱለም ላይብረሪ አፍሪካ ስላሽ አዲስ አንደርስኮር አበባ በሚለው ታይምዞን ስጡት፣ ይሄን ቃል በየዳጉ ከመጻፍ አንድ የጋራ ፋይል ውስጥ አንዴ አስቀምጡት። ስክሪኑ ላይ ያለው የታይምዞን መምረጫ የሚቀይረው የምታዩትን ብቻ ነው፣ ጆቡ የሚነሳበትን ሰዓት አይነካም። ዳጉ ማብራሪያ ላይ ደሞ «ሌሊት 8 ሰዓት በሀበሻ» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ፣ ተረኛው ሲደወልለት ማስላት የለበትም።

አሁን ካላንደሩ። የእኛ ወር ማለቂያ ከፈረንጅ ወር ማለቂያ ጋር አይገጥምም፣ የበጀት ዓመቱም ሐምሌ 1 ነው የሚጀምረው፣ ጁላይ 8 ማለት ነው። ክሮን ይሄን አያውቅም። በቋሚ ቀን ልጻፈው ብትሉ ጳጉሜ 6 የሆነች ጊዜ ቀጣዩ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፣ ከዛ እስከ የካቲት ያሉት ወሮች በአንድ ቀን ይገፋሉ፣ በእኛ 2016 ላይ እንደዛ ነበር፣ ቀጥሎ በእኛ 2020 ላይ ይሆናል። በዓላቱም እንደዚሁ፣ ገና ጃንዋሪ 7 ነው፣ ዓድዋ ማርች 2 ነው፣ ጥምቀት ግን አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ሆኖ አንዳንዴ 20 ይሆናል፣ ፋሲካ በየዓመቱ ይዞራል ግን ቀድሞ ይታወቃል። ኢድ አልፈጥር ግን ጨረቃ ታይታ ነው፣ ዋዜማው ማታ ነው የሚቆረጠው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ነገ በዓል ነው ከተባለ ኮድ ቀይሮ፣ ሪቪው አስደርጎ፣ ወደ ፕሮድ ማሳለፍ አይቻልም። ለዚህ ነው የበዓል ዝርዝር ኮድ ውስጥ ሳይሆን ቫሪየብል ውስጥ መቀመጥ ያለበት፣ ተረኛው ከቤቱ በስክሪን አንድ ቀን ጨምሮ መተኛት ይችላል።

ቫሪየብሉን «ካላንደር አንደርስኮር ኢቲ» በሉት፣ ውስጡ ይሄን ይመስላል፦

{
 "ዝግ": ["2026-01-07", "2026-01-19", "2026-03-02", "2026-04-12"],
 "ወር_ማለቂያ": ["2026-01-08", "2026-02-07", "2026-03-09"],
 "በጀት_ማለቂያ": ["2026-07-07"]
}

ጄሰን ዩኒኮድ ስለሚቀበል ቁልፎቹን በአማርኛ መጻፍ ችግር የለውም፣ እኛ ጋ ሆን ብለን ነው ያደረግነው፣ ፋይናንስ ክፍል ራሱ አይቶ እንዲያርመው። ቀኑ ግን በፈረንጅ ይሁን፣ ዓመት ሰረዝ ወር ሰረዝ ቀን። የዓመቱን ዝርዝር መስከረም ላይ ሁለት ሰው አብሮ ይሙላው፣ አንዱ ያንብብ አንዱ ከቀን መቁጠሪያ ጋር ያመሳክር።

ከዛ እያንዳንዱ ዳግ መጀመሪያ ላይ አንድ ሾርት ሰርኪት ኦፐሬተር ታስቀምጣላችሁ፣ ስራው ካላንደሩን አንብቦ ቀኑ ዝግ ከሆነ ፎልስ መመለስ ነው፣ ፎልስ ሲመለስ ከሱ በኋላ ያሉት ታስኮች ስኪፕ ይደረጋሉ። በዲፎልት ከሱ በታች ያለውን ሁሉ ነው የሚዘለው፣ መጨረሻ ላይ «ዛሬ ዝግ ስለነበር አልሄደም» ብሎ መልዕክት የሚልከውን ታስክ ጭምር፣ ትሪገር ሩሉን ኦል ደን (ከፊት ያሉት ምንም ቢሆኑ ሂድ) ብትሉትም አይሰማም። መልዕክቱ እንዲሄድ ከፈለጋችሁ ኢግኖር ዳውንስትሪም ትሪገር ሩልስ የሚለውን ፎልስ አድርጉት።

አሁን ወጥመዱ። «ቀኑ ዝግ ከሆነ» ስንል የትኛው ቀን? ጃንዋሪ 8 ሌሊት 8 ሰዓት የሚነሳ ጆብ የሚዘጋው የጃንዋሪ 7ን ሂሳብ ነው፣ ስለዚህ መታየት ያለበት 7 ነው፣ ገና። እኛ ጋ ፈንክሽኑን የጻፈው ልጅ የዳታ ኢንተርቫል ኤንድን (ጆቡ የሚሸፍነው ጊዜ የሚያልቅበት ሰዓት) ቀን እንዳለ ወሰደ፣ እሱ ደሞ በዩቲሲ ነው የሚመጣው፣ አዲስ አበባ ሌሊት 8 ሰዓት ሲሆን ዩቲሲ ገና ያለፈው ቀን 23 ሰዓት ላይ ነው፣ ስለዚህ 7 ብሎ መለሰ። መልሱ ልክ ነው፣ መንገዱ ግን ስህተት ነው። ለወራት ያለ ችግር ሄደ። አንድ ቀን ዳታቤዙ ባክአፕ ላይ ስለሚጨናነቅ ጆቡን ወደ ሌሊት 10 ሰዓት አዛወርነው፣ ያኔ ዩቲሲም ቀኑን ተሻግሯል፣ ፈንክሽኑ አንድ ቀን ወደፊት ሄደ፣ በበዓሉ ዋዜማ የተሰራውን ትክክለኛ ስራ ዘለለና የበዓሉን ባዶ ቀን አስኬደ። ማንም ኮድ አልነካም፣ የተቀየረው ሰዓት ብቻ ነው። ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብን።

ትክክለኛው ይሄ ነው፣ ዳታ ኢንተርቫል ኤንድን መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ቀይሩት፣ ከዛ ቀኑን ውሰዱ፣ የሌሊት ጆብ ከሆነ አንድ ቀን ቀንሱ፣ ያ ነው የስራ ቀኑ። ይሄን አንድ ፈንክሽን አድርጉት፣ «የስራ ቀን» የሚመልስ፣ ማንም ዳግ ውስጥ ለብቻው ቀን አያስላ። ሎጂካል ዴትን (ኤርፍሎው ጆቡ በተነሳ ቁጥር የሚሰጠውን ቀን) አትጠቀሙ፣ ቨርዥን 2 ላይ በክሮን የሚነሳ ጆብ ሎጂካል ዴቱ የኢንተርቫሉ መጀመሪያ ነው፣ 3 ላይ ደሞ በዲፎልት የተነሳበት ሰዓት ሆኗል፣ ስታሻሽሉ ቀናችሁ ይዛነፋል። ኢንተርቫል ኤንድ ግን በስኬጁል ለሚነሳ ጆብ ሁለቱም ላይ ያንኑ ይሰጣችኋል።

ደረጃ 7፦ የጋራ ኮድና ታስክ ግሩፕ

የስራ ቀን ፈንክሽኑ፣ ታይምዞኑ፣ የዲፎልት አርግስ (ሁሉም ታስክ የሚወርሰው ቅንብር) ዝርዝሩ የሚኖሩበት አንድ ፎልደር ዳግስ ፎልደር ውስጥ ፍጠሩ። ስሙን «ኮመን» ወይም «ዩቲልስ» አትበሉት ከሌላ ፓኬጅ ጋር ይጋጫል፣ የድርጅታችሁን አጭር ስም ከፊት አድርጉበት። ፎልደሩን ኤርፍሎው ኢግኖር ፋይል ውስጥ አስገቡት፣ እዛ ዳግ እንደሌለ እንዲያውቅና በየ30 ሰከንዱ እንዳይፈትሸው።

ዲፎልት አርግስ ውስጥ ሪትራይስ (ሲወድቅ ስንት ጊዜ እንደገና ይሞከር)፣ በሙከራዎች መሀል የሚጠበቀው ጊዜ፣ ኤክሲኪውሽን ታይምአውት፣ ሲወድቅ የሚጠራው ፈንክሽን ይግቡ። ሪትራይስ ዲፎልቱ 0 ነው፣ ኔትወርክ ለአንድ ሰከንድ ቢቋረጥ ጆቡ ይወድቃል፣ 2 ወይም 3 አድርጉት። ግን ሁለቴ ቢሄድ ሁለቴ የሚከፍል ወይም ሁለቴ የሚጽፍ ታስክ ካለ እሱ ላይ 0 አድርጋችሁ ሻሩት፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ታስክ ግሩፕ የሚመጣው ተመሳሳይ የታስክ ሰንሰለት ብዙ ቦታ ሲደጋገም ነው። እኛ ጋ «ፋይሉ መጣ ወይ፣ አምጣ፣ የመስመር ቁጥሩን አረጋግጥ፣ ጫን» የሚል አራት ታስክ 14 ዳግ ውስጥ ነበር። አንድ ፈንክሽን ጻፍን፣ የፋይሉን ስም፣ ኮኔክሽኑንና ዳታው የሚጫንበትን ቴብል ይቀበላል፣ ታስክ ግሩፕ ይመልሳል። አሁን ዳጉ ውስጥ አንድ መስመር ነው። በድሮ ፋይሎች ሰብዳግ የሚል ካያችሁ አትኮርጁት፣ ቨርዥን 3 ላይ ወጥቷል።

አንድ ምክር፣ ፈንክሽኑ የሚቀበለው ነገር ከአምስት ስድስት ካለፈ፣ «ለዚህኛው ዳግ ብቻ ይሄን ዝለል» የሚል ኢፍ መግባት ከጀመረ፣ ሁለት የተለያየ ነገር አንድ ላይ ታስሯል ማለት ነው፣ ለዩት። ሶስት ጊዜ ያልተደጋገመ ነገር ደሞ የጋራ ለማድረግ አትቸኩሉ።

ደረጃ 8፦ ማሳለፍና መቀየር

ቫሪየብልና ፑል ኤክስፖርት በሚለው ኮማንድ ወደ ጄሰን ይወጣሉ፣ ፕሮዱ ላይ ኢምፖርት ይደረጋሉ፣ ፋይሎቹን ጊት ላይ አስቀምጡ ማን መቼ ምን እንደቀየረ ይታያል። ካላንደሩን ግን ቴስት ላይ ካለው አሮጌ ኮፒ እንዳትጭኑበት ተጠንቀቁ፣ ትናንት ማታ ተረኛው የጨመረውን ቀን ይደመስሰዋል። ኮኔክሽን ኤክስፖርት ሲደረግ ፓስዋርዱ ሳይመሰጠር ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ያ ፋይል ጊት ላይ አይገባም፣ በቴሌግራምም አይላክም፣ ኮኔክሽንን ፕሮድ ላይ በእጅ ሙሉ ወይም ቮልት ተጠቀሙ።

የጋራ እቃ ከመንካታችሁ በፊት ማን እንደሚጠቀምበት እወቁ። ኤርፍሎው ይሄ ቫሪየብል በእነዚህ ዳጎች ተጠርቷል ብሎ አይነግራችሁም፣ ስለዚህ ዳግስ ፎልደሩን በሙሉ በስሙ ግሬፕ አድርጉ (ስሙን ፋይሎቹ ውስጥ ፈልጉት)፣ ስሙ ተቆራርጦ በኮድ እየተገጣጠመ የሚጠራ ከሆነ ግሬፕ አያገኘውም፣ ለዚህ ነው ስም ሁሌም ሙሉውን መጻፍ ያለበት። መሰረዝ ካለባችሁ አዲሱን ከአሮጌው ጎን ፍጠሩ፣ ጆቦቹን አንድ በአንድ ወደ አዲሱ አዙሩ፣ አሮጌው ቢያንስ አንድ ሙሉ ወር ማለቂያ ይለፍ፣ በወር አንዴ ብቻ የሚነሳ ጆብ እንዳለ የምታስታውሱት ያን ቀን ነው። የሩብ ዓመትና የሰኔ 30 ጆብ ካላችሁ እነሱን ቴስት ላይ በእጅ ትሪገር አድርጋችሁ እዩ፣ ከዛ በኋላ ነው አሮጌው የሚሰረዘው።